የሰባት ዓመቱ ሂሳብ

ምዕራብ ዓባያ
ግንቦት 11 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለቀድሞው እጮኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤና መጠየቅ የደብዳቤ ወግ ነውና እኔም እንደ ሰው ጠየቅሁ። እኛ ደህና ነን። ዘንድሮ ዝናቡ በርትቷል፤ ሐሬ ወንዝ ሞልቶ የአርባ ምንጭን መንገድ ከቆረጠው ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ሙዙ ግን አምሯል። ሚስትህ ልክነሽም ደህና ናት፤ አሁን ከፊቴ አልጋ ላይ ጋደም ብላ እጄን እያየች ነው። መውለዴን ጻፊልኝ ብላ ስላዘዘችኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ሴት ልጅ አግኝተሃል፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፣ ቅንድቧ ያንተ፣ ጩኸቷም ያንተ። አስተማሪ ሆነህ ሚስትህን ፊደል ሳታስቆጥር መዝመትህን አልወደድኩትም። በዚህ ጤና ጣቢያ ከእኔ ሌላ የሚጽፍ ረዳቴ ድሬሰሩ ጋሽ ማርቆስ ብቻ ነው፤ የእሱን ጽሕፈት ደግሞ ከራሱ በቀር የሚያነበው የለም።

የታዘዝኩት ይህንኑ ብቻ ነበር። ከዚህ በታች ያለው የራሴ ነው።

በመካከላችን አንድ ያደረ ጉዳይ አለ። ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው። አርባ ምንጭ ሴቻ፣ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ለነርስ ትምህርት ቤት ማለፌን ስነግርህ፣ እንኳን ደስ አለሽ ሳትል የተማሪ ፈተና ወረቀት ገልብጠህ ማስላት ጀመርክ። የሂሳብ አስተማሪ መውደድ ትርፉ ይኸው ነው። ያኔ በመንግሥት እርሻው የጥጥ ሚዛን ጸሐፊ ነበርኩ፤ ደመወዜ መቶ አምስት ብር። የሦስት ዓመቱ ሲቀር ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ አልክ። ሴኮንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ሰማንያ አምስት፣ ነጭ ጫማና ካልሲ ስድሳ፣ ለመኪናና ለሳሙና አራት መቶ። እስከዚህ ድረስ አልተጣላንም። ከዚያ እኔ በማልኖርበት ሦስት ዓመት አንተ ሆቴል የምትበላውን፣ በወር አርባ አምስት ብር ብለህ፣ ደመርክበት። ሰው የራሱን ምሳና እራት በእጮኛው ትምህርት ላይ ወጪ አድርጎ ሲጽፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ነርስ ስሆን ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት እንደሚከፈለኝ ነገርኩህ። በወር የመቶ ሰማንያ ብር ጭማሪ ነው። አንተ ግን ሩቅ አገር ትመደቢያለሽ፣ ሁለት ቤት እንከራያለን ብለህ ስድሳውን ቀነስከው። መጨረሻ ላይ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርክና፣ ትርፍ የምናየው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፣ ምርጫው ያንቺ ነው አልከኝ። እኔም መረጥኩ።

ባንተ ስሌት ሰባቱ ዓመት ባለፈው መስከረም ሞላ። እንግዲህ ትርፍ ላይ ነኝ ማለት ነው፤ ለእናት አገር ጥሪ ከሚቆረጠው በቀር። ሁለት ታናናሾቼን አስተምሬያለሁ። ቆርቆሮ ቤት አለኝ፣ ሬዲዮ አለኝ፣ ወር እስኪደርስ ከማንም አልበደርም። ገበያ ስወጣ የማላውቃቸው ሴቶች ልጆቻቸውን እያሳዩ ይስሙኛል። አንድ ወጪ ግን ሁለታችንም ሳንጽፈው ቀረን። አንተ በመጀመሪያው ዓመት ደብዳቤ አቆምክ። ሠርግህን የሰማሁት ጎፋ ተመድቤ ሳለሁ ነው፤ የዚያን ዕለት ስድሳ ሁለት ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ወጋሁ፣ ማታ ደግሞ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ወጪ አንተ ነበርክ። እሱንም ከፈልኩ። አመመኝ እንጂ አልተጸጸትኩም።

አሁን ማክሰኞ የሆነውን ልንገርህ። ባሏ ነህና መስማት አለብህ። ጎረቤቶችህ ልክነሽን በቃሬዛ ሲያመጧት ምጡ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ሕፃኗ ረፋዱ ላይ ተወለደች። እንግዴ ልጁ ግን አልወጣ አለ። ጠበቅን። ከዚያ ደሙ መጣ፤ ፍራሹን አልፎ ወለሉ ላይ ወረደ። የአርባ ምንጭ ሆስፒታል መንገዱ ተቆርጧል፤ መኪና ቢገኝ እንኳ ሶዶ እስክንደርስ አትቆይም ነበር። የቀረው በእጅ ማውጣት ነው። ይህን አንዲት አዋላጅ ስታደርግ ተማሪ ሳለሁ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ እኔ ግን አድርጌው አላውቅም። ጋሽ ማርቆስን ግሉኮሱን ስቀል አልኩት። እስከ ክርኔ ታጠብኩ፣ እጄን አስገባሁ፣ ቀስ ብዬ አላቅቄ አወጣሁት። ደም ማቆሚያውን ወግቻት፣ በአንድ እጄ ሆዷን እያሸሁ በሌላው የልብ ምቷን ያዝኩ። በደቂቃ መቶ አርባ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ መቶ አስር ሲወርድ ያን ጊዜ ተቀመጥኩ። ልኩራብህና፣ ጋሽ ማርቆስ ምስክሬ ነው።

ትናንት ማለዳ ገንፎ እያጎረስኳት፣ አንቺ የሂሳቧ ልጅ ነሽ አይደል አለችኝ። ክው አልኩ። ለካስ ልትዘምት ስትል ሁሉን ነግረሃታል። እሷም አልተቀየመችም፤ እንዲያውም እየሳቀች ነበር። "ያኔ ተሳስቻለሁ፣ ሆቴሉን መደመር አልነበረብኝም ብሎኛል" አለችኝ። ስምንት ዓመት የጠበቅሁትን ቃል ሚስትህ ገንፎ በአፏ ይዛ ነገረችኝ። ደስታዬን አልደብቅህም። ቀኑን ሙሉ ሳንጎራጉር የምውል መስሎኝ ነበር።

ረፋዱ ላይ አጎትህ ከሁለት የቀበሌ ሰዎች ጋር መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ልክነሽ እንዳታያቸው በጓሮ በኩል አስገባኋቸው። በሶዶ በኩል ከጦሩ የመጣ ወረቀት ይዘዋል፤ አሳዩኝ፣ አነበብኩት። ከዚያ አጎትህ፣ አራሷ ትችለዋለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም እንደ ሥራዬ መለስኩ። ደሟ ገና አልተመለሰም፣ ወተቷም አልወረደም፤ ስለዚህ አርባ ቀን ማንም ደጇ ላይ እንዳያለቅስ አልኳቸው። የሰው አፍ እንዴት ይያዛል አሉ። እዚሁ እኔ ዘንድ ትተኛለች፣ ጠያቂ ሁሉ እኔን ሳያነጋግር አይገባም አልኩ። ተስማሙ። ሊወጡ ሲሉ አጎትህ ዘወር ብለው "አንቺስ ልጄ?" አሉኝ።

መድኃኒት ክፍሉ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ሰዓቴን አይቼ ለራሴ አስር ደቂቃ ሰጠሁ፤ ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ የልክነሽን መርፌ ልወጋት ወጣሁ። ዓይንሽ ምን ሆነ ስትለኝ፣ አልኮል ገባበት አልኳት። ይህንንም ማድረግ የቻልኩት በእነዚያ ሦስት ዓመታት ተምሬ ነው። ዋጋው ስንት እንደሆነ ግን አላውቅም፤ አንተም ብትሆን አታሰላውም ነበር።

ዛሬ ቢጠይቁኝም ያንኑ እመርጣለሁ። ሴቻ ቀርቼ፣ ጥጥ እየመዘንኩ ሚስትህ ሆኜ ቢሆን ኖሮ፣ ማክሰኞ ዕለት በዚህ ክፍል እጁን የሚታጠብ ሰው አይኖርም ነበር። በዚህ አምናለሁ። አንተም ታምናለህ፤ ተሳስቻለሁ ብለሃላ። ቀድመህ ለእኔው ብትጽፍልኝ ምን ነበረበት?

ልክነሽ ገጹ መብዛቱን አይታ፣ አንድ ልጅ መውለድ ይህን ያህል ያስጽፋል ወይ አለችኝ። አንብቢልኝ ስትለኝ የመጀመሪያውን አንቀጽ አነበብኩላት፤ የቀረው የሕክምና ነገር ነው አልኳት። ጨምሪልኝ ያለችው ይህን ነው፦ ለልጅቷ ስም አላወጣችላትም። ስም የሚያወጣው አባቷ ነው፣ መርጦ ጽፎ ይላክልኝ ብላለች። እያየችኝ ስለሆነ ፖስታውን አሽጌ ቴምብር እለጥፍበታለሁ። መልሱ በስንት ቀን ይደርሳል ስትለኝ፣ ከአርባ ቀን በፊት አይመጣም አልኳት።

"እሺ፣ እጠብቃለሁ" አለች።

እናትና ልጅ፣ ሁለቱንም አደራ ተቀብያለሁ። ጌታ ነፍስህን በመልካም ስፍራ ያሳርፋት፤ አፈሩንም ገለባ ያድርግልህ።

የቀድሞ እጮኛህ