ገበሩ የለቀቀ ዓይን

ይድረስ ለልጄ ለሂክማ ሰዒድ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ እንደምን ከረምሽ? የአሶሳ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? አንዋርና ልጃችሁስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ግን የደበቅንሽ ነገር አለ። ብትቆጪም ፍርድሽ ነው፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢው። በስልክ ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፣ እኔንም ታስለቅሺኛለሽ፤ ለዚህ ነው በገዛ እጄ የጻፍሁልሽ።

ነሐሴ መግቢያ ላይ በረንዳው ላይ ስሰፋ ከላይ በኩል ጥላ ወረደብኝ። ሸራው ዝናብ ቋጥሮ የረገበ መሰለኝና እናትሽን ወጠር አድርጊው አልኋት፤ ወጠረችው። በማግስቱ ጥላው ይብሱን ዝቅ አለ። ገመድ ማሰር እንኳ አታውቂም እንዴ ብዬ ጮህሁባት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። በሦስተኛው ቀን ስጮህ ጎረቤታችን ሙላቴ ሰማኝና፣ ኧረ ሰዒድ፣ ሸራው እኮ ከጠዋት ጀምሮ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ የምን ሸራ ነው የምትለው አለኝ። ጥላው ከዓይኔ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ግራ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደማያይ ታውቂያለሽ። የቀረኝ ቀኙ ብቻ ነው፤ እሱ ከሄደ ልብስ ሰፊው ሰዒድ አበቃለት ማለት ነው።

እናትሽ ያኑ ዕለት ባሕር ዳር ወሰደችኝ። ሐኪሟ መርምራ አስረዳችኝ። ከዓይናችን ጀርባ ብርሃን የሚቀበሉ ሕዋሳት አሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ ጠቆር ያለ ስስ ንጣፍ አለ። ንጣፉ ይመግባቸዋል፤ በየማለዳው ያረጀ ጫፋቸውን ሲጥሉ እየበላ ያጸዳላቸዋል፤ ብርሃን ያደከመውን ቀለማቸውንም አድሶ ይመልስላቸዋል። የእኔዎቹ ከንጣፉ ተላቀዋል። እኔም፣ ገበሩ ከላዩ ጨርቅ ለቋል በይኛ አልኋት። ሳቀችና፣ አዎ አባባ፣ ግን የእርስዎ ገበር ጨርቁን ያበላል፤ ተለያይተው ከቆዩ ጨርቁ በረሃብ ይሞታል፣ ከሞተ ወዲያ ቢጣበቅም አያይም አለችኝ። ቶሎ በመምጣታችን ግን ተስፋ አለው አለች።

በምን ክር ትሰፉታላችሁ ብላት ክር የለም አለች። ዓይኔ ውስጥ በሳምንታት ቀስ እያለ የሚጠፋ አየር ሞልተው ወደ ቦታው ገፉት፤ መላቀቅ የጀመረበትን ቀዳዳም በጨረር አጣበቁት። ከዚያ አየሩ ወደ ኋላ እንዲጫነው ፊቴን ደፍቼ መክረም ሆነ። አርባ ዓመት የስፌት መኪና ላይ ለተደፋ ሰው ይቺ ምን አላት!

የከበደኝስ ሌላ ነው። አየሩ ሳይጠፋ ደጋ መውጣት ክልክል ነው ተብዬ ነበር። እኔ ሞኙ በሁለተኛው ሳምንት ቤቴ ናፈቀኝና፣ ሐኪሟ ፈቅዳልኛለች ብዬ እናትሽን ዋሽቼ የደብረ ታቦር ሚኒባስ ገባን። ሐሙሲት ላይ ሰው ሲወርድ፣ አጠገቤ የነበረች ዝናሽ የምትባል ነርስ ለምን እንዳቀረቀርሁ ጠየቀችኝ። ስነግራት ደነገጠች። ዳገቱን ሲወጡ አየሩ ተነፍቶ ዓይንዎን ያጠፋዋል ብላ ጎትታ አስወረደችን። እናትሽ ባሕር ዳር እንደተመለስን ሐኪሟ ዘንድ ሄዳ የተከለከልሁትን ሁሉ ራሷ አስደግማ ሰማች። ከቁጣ ሁሉ የባሰብኝ እሱ ነው።

ሌላ አምስት ሳምንት ከረምን። አየሩ እያነሰ ሲሄድ ከላይ ጀምሮ ይገለጥልኝ ጀመር፤ መጀመሪያ የእናትሽ ሻሽ፣ ሰንብቶ ግንባሯ፣ ከዚያ ፊቷ። ሳያት ተንሰቅስቄ አለቀስሁ፤ አላፈርሁም።

አሁን ቤታችን ገብተናል። መስመር ጠመም ይልብኛል፤ ሕዋሳቱና ንጣፉ እስኪስማሙ ወራት ይፈጃል ተብያለሁ። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ገና አይለይልኝም። ትናንት ግን ነጭ ሸሚዝ ላይ አንድ ቁልፍ ተከልሁ። እናትሽ ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ ይሁን፣ ይይዛል አለችኝ።

እናትሽ ሀዋ ጉንጭሽን ስማለች። ሙላቴም ሰላም በልልኝ ብሏል። ለአንዋር አደራ፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የልጅሽን ልክ ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ ለክተሽ ላኪልኝ። ቀሚሱ እስኪደርስ ታድጋለች ብለሽ እንዳትጨምሪ፤ ቶሎ ነው የምሰፋው።

አባትሽ ሰዒድ
ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.