ውድነሽን የዘለልኳት እኔ ነኝ

ደምስዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ልጅህ ሰናይት ለሰው ስትናገር «ዓመት ሊሞላው ነው» ትላለች። አይሞላም፤ ገና ብዙ ይቀረዋል። «ወይዘሮ ጥንቅቅ፣ ለሙትም ቀን ትቆጥሪያለሽ?» ብለህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። እቆጥራለሁ።

ጀሞ እንደተውከው አይደለም። ከኮንዶሚኒየሙ ፊት ያለው መንገድ ተቆፍሮ ታክሲው የሚያወርደን ራቅ አድርጎ ነው። ውኃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ሆኗል። ከምድር ቤት ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ለቃ በቦታዋ የስልክ ጠጋኝ ገብቷል። ሐሙስ ሐሙስ ግን አንተ ትመጣለህ።

ከለቡ በታክሲ መጥተህ ወደ እኔ ስትወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብለህ ሁለት ጊዜ ትስል ነበር። አሁንም ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይ በደረጃው መስኮት ገብታ ሳለ፣ እርምጃህ ይመጣል። ሁለተኛው ላይ ይቆማል። ሳልህን እሰማለሁ። በሬን ከፍቼ እጠብቃለሁ፤ የቀረውን ደረጃ ግን አትወጣም። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ጸሎት አዘዙልኝ፤ ሳላጓድል ጸለይኩ። ሐሙስ ሲደርስ ያው ነው። መልስ እየጠበቅህ ነው። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ደግሞ ከአንተ የደበቅሁትን መናገር አለብኝ።

ሽማግሌዎች የላክህ ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በብስራተ ገብርኤል አጥር ሥር በዝግታ መሄዳችንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የቀረው ዘራችን እንዲቆጠር ብቻ ነበር። ቤተሰቦቻችን ከአንድ የሩቅ አያት እንደሚወርዱ ይታወቃል። በአገራችን ልማድ ደግሞ በሁለቱም በኩል ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም። ሽማግሌዎቹ ስም እየጠሩ ሲቆጥሩ እንድጽፍ አባቴ አዘዙኝ፤ ከቤቱ ሰው ሁሉ ጽሕፈቴ ያምር ነበርና። በእኔ በኩል ሰባት ሞላ። በአንተ በኩል ስድስት ሆነ። አባቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። አጎትህ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያው አለቀ።

አንተ ጅማ ተመድበህ ሄድክ፣ እኔ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። አንተም አገባህ፣ እኔም አገባሁ። ወለድን፤ አሳደግን፤ ሁለታችንም የትዳር ጓደኞቻችንን ቀበርን። አርባ ስምንት ዓመት።

ከዚያ አምና ልጆቹ የዘመድ አዝማዱን ስብሰባ ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ያለው ሪዞርት አደረጉት። ለሁላችንም አንድ ዓይነት ካናቴራ አሠርተው ነበር፤ አንተ ከረባትህን ሳትፈታ ካናቴራውን ከላይ አጥልቀህበት መጣህ። ያን ሳይ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ከባሌ ቀብር ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ልጆቹ መዋኛው ውስጥ ሲንጫጩ እኛ የፕላስቲክ ወንበር ይዘን ውኃው ዳር ተቀመጥን። የወጣትነታችንን ወሬ አንድ በአንድ አነሣህ፤ የትኛው ቀን የትኛውን ቀሚስ እንደለበስኩ ሳይቀር። በመጨረሻ «አሁንስ ማን ይከለክለናል?» አልከኝ።

«ቆጠራው» አልኩህ። «እንደገና ሳላየው መልስ አልሰጥም።»

እስክታስል ሳቅህ። «መዝገብ ቤት እንደገባሽ ልትቀሪ ነው» አልከኝ።

በዚያው ዕለት፣ ምሳ ላይ፣ ከዘመዶቻችን በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ በላይነሽ ልጆቹን ሰብስበው የድሮ ሰው ታሪክ ይነግሯቸው ነበር። ባሏ ሞቶባት ነፍሰ ጡር ሆና ወደ አባቷ ወደ ሀብቴ ቤት ስለተመለሰች ውድነሽ ስለምትባል ሴት ተረኩ። ልጇ ወርቁ በአያቱ እጅ አደገ፤ አባቱ ስላልነበረ በአያቱ ስም ተጠራ፣ ወርቁ ሀብቴ ተባለ። አንተ ከሌላው ገበታ ሆነህ ከአማቾችህ ጋር ትጫወት ነበር፤ አልሰማህም። እኔ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

ቤቴ እንደገባሁ ከአባቴ ዳዊት ውስጥ ያንን ወረቀት አወጣሁት። በራሴ ጽሕፈት፣ በአንተ በኩል «ወርቁ፣ የሀብቴ ልጅ» ይላል። ወርቁ የሀብቴ ልጅ አይደለም፤ የልጅ ልጅ ነው። በመካከላቸው ውድነሽ አለች። እሷ ስትገባ ሰባት ይሞላል።

ቆጠራው ላይ አጎትህ አልተሳሳቱም። «ያደገው በአያቱ ስም ነው፤ እናቱ ናት የሀብቴ ልጅ» ማለታቸው ትዝ አለኝ፤ ድምፃቸው ሳይቀር። እኔ ግን የመሃል ወሬ መስሎኝ ተውኩት። በተማርኩበት ትምህርት ቤት ከጽሑፍ ላይ ትርፍ ቃል የተገኘባት ልጅ በማስመሪያ ጣቷን ትመታ ነበር። ወረቀቱ ንጹሕ እንዲሆንልኝ ፈለግሁ። ንጹሕም ነበር፤ አንድም ስርዝ የለበትም።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ሐሙስ መጣህ። በር ላይ ኮፍያህን እያወለቅህ «ፈተናዬ ታረመ?» ትለኛለህ። «ገና ነው» እልሃለሁ። የአንድ ሰው ስም ላረጋግጥ እላለሁ፤ የሽማግሌ ቃል ልጠይቅ እላለሁ። ወረቀቱ ከተቀመጥክበት ወንበር አጠገብ መሳቢያ ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ መነጽርህን ልታስቀምጥ መሳቢያውን ስትስበው እጅህን ያዝኩት። ሌላ ነገር መሰለህ፤ ደስ አለህ። ያንን እጅ እስከ አሁን አልለቀቅሁትም።

ቁጣህን አልፈራሁም፤ ስትቆጣ አይቼህ አላውቅም። በሁሉ የምትስቀው ሰው ይህን ሰምተህ ሳትስቅ ታየኛለህ ብዬ ፈራሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሰናይት ደወለች። ልብህ ነው አለች። ሐሙስ ልነግርህ ወስኜ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልወሰንኩም። ለዚያም ሐሙስ ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር።

ለቡ፣ ከልጅህ ደጅ በተተከለው ድንኳን፣ ከሩቅ ዘመዶች ጋር ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት ምንህ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። «ዘመዱ ነኝ» አልኳት። በሃያ ዓመቴ ከአንተ የለየኝን ቃል ራሴው ደገምኩት።

ባለፈው እሑድ ሰናይት መጣች። ዘንድሮም ቅዳሜ እዚያው ሪዞርት ልንሰበሰብ ነው፤ የዘር ሐረጉ በትልቁ ታትሞ እንዲሰቀል ጽፌ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ወረቀቱን ፊቷ ዘርግቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። «አባዬ ሳያውቅ ሞተ ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች። ከመስኮት አየኋት፤ ወደ ታክሲው አልሄደችም፤ የተቆፈረው መንገድ ዳር ቆማ ታለቅስ ነበር። ሁለት ቀን ጠፋች። በሦስተኛው ደውላ «ይጻፉት እትዬ፤ ስሟም ይግባ» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው። ይቅር አለችኝ ብዬ አልጽፍልህም፤ አላለችም።

ጻፍኩት። ውድነሽ በቦታዋ ገብታለች። ቅዳሜ ከዘመድ ሁሉ ፊት ቆሜ የመጀመሪያውን ማን እንደጻፈው፣ ምን እንደዘለለችና ማንን እንዳጣች እናገራለሁ። አንዳንዱ ያዝንልኛል፣ አንዳንዱ በዚህ ዕድሜዋ አታፍርም ይላል። ይበሉ።

እስካለሁ ድረስ ስምህን ባነሣሁ ቁጥር ጥፋቴንም አነሣለሁ። ሳቅህን ብቻ መርጬ፣ ለራሴ እንዲመቸኝ አስተካክዬ አላስታውስህም። ለጠየቅኸኝ መልሴ ግን ሐይቁ ዳር ከአፌ ሊወጣ የነበረው ራሱ ነው።

እሺ ብያለሁ፣ ደምስዬ።