ስለ መርፌው፣ ስለ ፊቴና ስለማይመለከትዎ ጉዳይ

ለተከበሩ አቶ ሰይፈ ሥላሴ
የጤና ነክ ንግዶች ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከተራራው የሚወርደው ነፋስ በቢሮዎ መስኮት ስንጥቅ ገብቶ ጉንፋን እንዳያሲዝዎ፣ ወገብዎም በዚያ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ብዙ ከመቀመጥ የተነሣ እንዳይደክም ዘወትር እመኛለሁ። እኔ ፊቴ ከመላጡ በቀር ደኅና ነኝ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ከቢሮዎ የመጣሁት፣ የመሪጌታ ደምለው ሚስት የነበርኩት ሐመልማል ነኝ። የመጣሁበትን ጉዳይ ቆሜ ሳስረዳ ከስልክዎ ላይ ቀና ብለው፣ «እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ ፊት ምን ያደርግልዎታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። በጊዜው መልስ ስላልነበረኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥያቄውን ወደ ቤቴ ይዤው ሄጄ አስቤበታለሁ፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት ለማሰብ ጊዜ አታጣም። ፊት የተሰጠን ሰው እንዲያየው ነው ከሚል ሐሳብ ላይ ደረስኩ። የእኔን የሚያየው የቤተ ክርስቲያን ደጅና የገበያ መንገደኛ ብቻ ስለሆነ፣ ጥያቄዎ ከሞላ ጎደል ትክክል ነበር። መልሴን በአካል ላደርስልዎ ብመላለስ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ሌላውም ሰው ቢያነበው አይጎዳም ብዬ በግልጽ ጽፌዋለሁ። ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በየተራ አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ፣ ማንም ሳይጠይቅና ማንም ሳይጠየቅ መርፌ ፊታችን ድረስ እንዲመጣልን ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ማይክሮኒድሊንግ ይሉታል፤ ስሙ ለምላሳችን ስለከበደን እኛ «መርፌው» እንለዋለን። እጀታ ያለው ትንሽ ተንከባላይ ነገር ሲሆን ዙሪያው በጥቃቅን መርፌዎች የተሞላ ነው፤ ፊት ላይ ሲንከባለል ቆዳውን እየበሳ ያልፋል፣ ቆዳውም የተበሳውን ለመጠገን ሲል ራሱን ያድሳል ይባላል። ይህን የምትሠራው ከቤቴ ፊት ለፊት ጸጉር ቤት የከፈተች፣ ስጦታ የምትባል፣ ከአምባራስ መንደር የመጣች ልጅ ናት። ሥራውን የተማረችው ከስልኳ ላይ በቪዲዮ ነው። የእርስዎ ክፍል ባለሙያ ለቁጥጥር በመጣ ጊዜ ማበጠሪያዎቿን አንድ በአንድ እያነሣ አይቶ፣ ንጽሕናቸውን አድንቆ ሄዷል። መርፌው የተቀመጠው ከማበጠሪያዎቹ አጠገብ ነበር።

እኔ የሄድኩት ለማድያት ነው። ከጉንጮቼ ላይ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የተኛ ጥቁረት አለ። ይህ ለሰው የምነግረው ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት፣ አንድ ቀን ጸጉሬን ስታጥበኝ እጇ በግንባሬ ላይ አለፈ፤ መሪጌታ ካረፉ ወዲህ ፊቴን የሰው እጅ ነክቶት እንደማያውቅ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ከዚያ በኋላ እጇ መርፌ ይዞ ቢመጣም ቅር አላለኝም።

፪. ሁለተኛው አቤቱታዬ በራሴም ላይ ነው፤ ከመቀመጤ በፊት ልጠይቅ የሚገባኝን ሁሉ የጠየቅሁት ከተነሣሁ በኋላ ነውና። እኔ ማንበብ የለመድኩት የመሪጌታ ተማሪዎች ፊደል ሲቆጥሩ ከጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ነው። ፊቴ ሲያብጥ ይህችኑ ንባቤን ይዤ ከስልክ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ በመርፌው ማሸጊያ ላይ ያለውን የባዕድ ጽሕፈት የሰፈር ተማሪዎች ተረጎሙልኝ፤ ያልገባኝን ጎንደር ድረስ ሄጄ የቆዳ ሐኪም ጠየቅሁ። ከቢሮዎ ግድግዳ ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ስላየሁ፣ ለዚያ የሚሆን ጽሑፍ በነጻ አበረክታለሁ።

መርፌው የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማሸጊያው ባለፊቱ እያየ ይቀደዳል፣ ከሥራው በኋላም ይጣላል፤ በአልኮል ቢጠርጉት ንጹሕ ነው አይባልም፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ይዞ ሊያልፍ ይችላልና። እኔ ከእኔ በፊት በማን ፊት ላይ እንዳለፈ አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ የልጅቱን ሞያ መንቀፍ መስሎ ታየኝ። ብጉር ያመረቀዘበት፣ ቁስል ያለበት ወይም ምች የወጣበት ፊት እስኪድን ድረስ አይነካም። ጠባሳው ሥጋ እያበቀለ የሚያብጥበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ለብጉር ጠንካራ ኪኒን የሚውጥ፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። እንደ እኔ ጠይም ለሆነና ማድያት ላለበት ሰው ጥቁረቱ ጭራሽ ሊብስ ይችላል፤ የእኔም ብሷል። ፊት ለቀናት ይቀላል፣ ይለበልባል፤ በዚያ ጊዜ ፀሐይ እንዳይመታው ይጠበቃል፣ በተለይ ብርዱን ተገን አድርጎ ቆዳ የሚልጠው የደባርቅ ፀሐይ።

ቅቤም አይቀባም። ይህን የትኛውም ጽሑፍ አላነሣውም፤ የእኛ የብቻችን ስሕተት ስለሆነ እኔ ጨመርኩት። ስጦታ ሥራዋን ስትጨርስ «እትዬ፣ ያለስልስልዎ» ብላ የተበሳውን ፊቴን ለጋ ቅቤ ቀባችኝ፤ እኔም «ተባረኪ ልጄ» አልኳት።

፫. ሦስተኛው ነገር ለእርስዎ ቢሮ የሚቀርብ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም፤ የሚቀርብበት ሌላ ቦታ ስላጣሁ ግን እዚሁ ይግባ። ፊቴ በተሠራ ማግሥት ጎረቤታችን አቶ ያርጋል ዐረፉ። ለቅሶ ደግሞ ፊቴ እስኪድን ቆዩኝ አይባልበትም። ነጠላዬ ከቁስሉ ጋር እየተጣበቀ ስላስቸገረኝ ፊቴን ገልጬ ሄድኩ። እንደሚያውቁት በአገራችን ሐዘን የጸናባት ሴት ፊቷን ትነጫለች። ቀልቶ ደም ያቀረረ ፊቴን ያየ ለቀስተኛ ሁሉ ለአቶ ያርጋል የነጨሁ መሰለው። እህታቸው ወይዘሮ ዓለምዬ ከሰው መካከል ወጥተው አንገቴን አቀፉና «እኔ እህቱ ያላደረግሁትን አደረግሽለት» እያሉ በእንባ የራሰ ጉንጫቸውን ከጉንጬ ጋር አጣበቁት። የተበሳ ፊት የሌላ ሰው ቆዳ ሊነካው እንደማይገባ ሐኪሙ በኋላ ነግሮኛል። በዚያች ሰዓት ባውቀውም የምገፋቸው አይመስለኝም። እንደዚያ አጥብቆ ያቀፈኝ ሰው ስላልነበረ፣ ትንሽ ይቆዩ ብዬ ሳላስተባብል ዝም አልኩ።

ከድንኳኑ ጥግ የተቀመጡት ደግሞ ዝም አላሉም። «ለመሪጌታ ያልተነጨው ፊት ለያርጋል ተገኘ» አለች አንዷ። ሌላዋም «ሐዘኑ መንገድ ላይ ቆይቶባት ይሆናላ» ብላ መለሰችላት። እውነት ነው፤ ለመሪጌታ አልነጨሁም። ለሞተ ሰው ፊት መንጨት አይገባም እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ሰው ስለነበሩ፣ በቀብራቸው ቀን ቃላቸውን ጠብቄ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ሰዉም ልበ ደረቅ አለኝ። የታዘዝኳቸው ስለወደድኳቸው ነው ወይስ መታዘዙ ስለቀለለኝ ብዬ ራሴን የምጠይቅበት ቀን አለ፤ በእንዲህ ያለው ቀን ሰዉ ተሳስቷል ለማለት ያቅተኛል። በዚህ ላይ አሁን የአቶ ያርጋል ስም ታክሎበታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ምሥራቅ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብረውኝ ይሄዱ የነበሩ ናቸው፤ ዛሬ ሰላምታዬን አይቀበሉም። የመርፌ ነገር ነው ብዬ ላስረዳቸው ብሞክር «በዚህ ዕድሜሽ?» አሉኝ፤ በዚህስ ከእርስዎ ጋር አንድ ናቸው።

፬. ለቅሶው ሳያልቅ ፊቴ አብጦ መግል ቋጠረ። ስጦታ በየምሽቱ ሱቋን ዘግታ እየመጣች፣ ውኃ አፍልታና አቀዝቅዛ ታጥበኝ ነበር። «እኔ ነኝ የገደልኩዎ፣ እትዬ» ብላ ስታለቅስ «አልሞትኩም፣ ይልቅ እንባሽ ውኃው ውስጥ እንዳይገባ» እላታለሁ። ሲሻለኝም መምጣቷን አልተወችም። ሐኪሙ የነገረኝን ሁሉ ጽፌ ባነበብኩላት ቀን መርፌውን ጣለችውና ሥራውን በወግ የሚያስተምራት እንዳለ ልትጠይቅ ወደ እርስዎ ቢሮ መጣች። «ዕቅዳችን ውስጥ የለም» ተባለች።

እኔም ተከትዬ ስመጣ «ጸጉር ቤት የንግድ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» አሉኝ። አጥብቄ ስለምንዎ ደግሞ «እንግዲያው ስሟን ይንገሩንና እናሽገው» አሉ። ማስተማር የማይመለከተው፣ ማሸግ ግን የሚመለከተው ቢሮ ስላለን እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ቀን ስሟን ደብቄ ወጣሁ። ዛሬ የጻፍኩት ራሷ «ይጻፉት እትዬ፤ ሌሎቹም ጸጉር ቤቶች እያመጡት ነው፣ ዝም ካልን የእኔ ስሕተት በነሱ ይደገማል» ስላለችኝ ነው።

ክቡርነትዎ፣ የልጅቱ ጸጉር ቤት ከታሸገ ወደ አምባራስ ትመለሳለች። ያን ጊዜ ከተማው አንድ በሩ የተዘጋ ሱቅ ይኖረዋል፤ እኔ ደግሞ ማንም የማያንኳኳው በር ይኖረኛል። የእርስዎ ዕቅድ ይህን ዓይነቱን ነገር ለመቁጠር እንዳልተሠራ አውቃለሁ። ስለዚህ የምለምነው ለዕቅድዎ የሚቀለውን ነው፤ በጸጉር ሥራዋ ይተዉአት፣ መርፌውን ለመሥራት ምን ትምህርትና ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ በጽሑፍ ይንገሯት፣ ያን እስክታሟላ እርሷም ሌላውም እንዳይነካው በየጸጉር ቤቱ ይለጥፉ። ማስታወቂያውን ከላይ ጽፌልዎታለሁ፤ የሚቀረው ሙጫው ነው።

ስብሰባዎ ሁሉ በሰላም እንዲፈጸም፣ ወንበርዎ መሽከርከሩን እንዳያቆም፣ የሚመለከትዎ ጉዳይም አንድ ቀን ከደጅዎ እንዲደርስ እየተመኘሁ፣ በእማማነቴ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣ ምንም እንኳ ፊቴ ምንም ባያደርግልኝ፣
ሐመልማል፣ የመሪጌታ ደምለው ባልቴት
ከደባርቅ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ያን ቀን ከስጦታ ወንበር ስነሣ ተራ ይዘው ይጠብቁ የነበሩት ባለቤትዎ ናቸው። መርፌው አንድ ነበር፤ ከእኔ ፊት ተነሥቶ፣ በአልኮል ታብሶ፣ ወደ እርሳቸው ፊት አልፏል። ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ እርሳቸው ናቸው፤ ቤት ውስጥ ቢነግሩዎ ከስልክዎ ቀና እንደማይሉ ያውቃሉ። ሐኪሙ ባዘዘኝ ጊዜ ደሜን አስመርምሬ ውጤቱን ለእርሳቸው ነግሬያለሁ። ለእርስዎም ላሳውቅ አስቤ ነበር፤ ጉዳዩ እንደማይመለከትዎ ስለነገሩኝ ግን ተውኩት።