በአባቷ ወንበር አልቀመጥም ያለችው ሴት

…ወንበሩን ሳብ አድርጌ ከፊቷ ሳቆመው ብድግ አለች። ገና ምንም ሳልላት። «ኖር፣ አባዬ!» አለች። እኔም ተነሳሁ። ለምን ተነሳሁ? ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ።

ይቅር በይኝ እታለም፣ ሰላም ሳልልሽ ወሬ ጀመርኩ። አሰላሙ አለይኩም። ወገብሽ ተሻለሽ? የጅዳ ሙቀት በረደላችሁ? ሂሻምስ ሥራው እንዴት ይዞታል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችንን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ወፍ ማባረር ላይ ናቸው።

በስልክ ያልነገርኩሽ እናታችን እንዳትሰማ ብዬ ነው። ከሥራ ልወጣ እችላለሁ።

«ለመስማት ደሞዝ የሚከፈላት ናጅዋ ብቻ ናት» እያልሽ የምትስቂበት ሥራዬ ጌስታልት የሚባል የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ሰው ያለፈውን ከሚተርክልኝ ይልቅ አሁን፣ እዚህ፣ ደረቱ ውስጥ የሚሰማውን እንዲያስተውል አብሬው እቀመጣለሁ። ያጣውን ሰው ባዶ ወንበር ላይ እንዳለ አድርጎ ያናግረዋል። ከዚያ ራሱ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሰውየው አፍ ይመልሳል። ደንቡ ይህ ነው።

ሴትዮዋ የግራና ከተማ ሰው ናት፤ ስሟን አልነግርሽም። በጦርነቱ ጊዜ መራመድ ያልቻሉ አባቷን ቤት ትታ፣ ልጆቿን ይዛ ሸሸች። ስትመለስ አባቷ ተቀብረዋል። ያን ቀን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ለባዶው ወንበር ሁሉንም ነገረችው። ወንበሩ ላይ ተቀመጪ ስላት ግን ቀና ብላ አየችኝ። «አባቴ ወንበር ላይ? እኔ? ምን ነክቶሻል አንቺ ልጅ!» አላስገደድኳትም። አለቀሰች። ከተመለሰች ወዲህ አልቅሳ አታውቅም ነበር።

ሕክምናው እንደ ደንቡ መሰጠቱን የሚመዝነው ኪሩቤል ከወልድያ መጥቶ፣ በእሷ ፈቃድ የተቀረጸውን ቪዲዮ አየ። ክፉ ሰው አይደለም። ስፈራ ንግግሬ እንደሚፈጥን የነገረኝ እሱ ነው። «እሷ ትነሳ፤ አንቺ ለምን ተነሳሽ?» አለኝ። ሽማግሌ ሲገባ ተቀምጬ ልቅር ወይ ብለው፣ «ናጅዋ፣ ማንም አልገባም እኮ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ከምዘናው ጣለኝ።

ለማለፍ ያንኑ ከእሷው ጋር ድገሚው፤ አሁን ግን ወንበሩ ላይ አስቀምጫት አለኝ። አለዚያ ውሌ አይታደስም። ዛሬ ቀጠሮዋ ነው፤ መቅረጫውን ይዤ እመጣለሁ ብሏል።

አልደግመውም አልኩት። ካፈርኩ አይመልሰኝ አይደለም እታለም። መመዘኑን አልጠላሁም። እዚሁ እኛ ዘንድ በጌስታልት ስም ሰው አስቀምጠው የሚመክሩ፣ የሚቆጡ አሉ። ይመዘኑ። እኔም በሌላ ሰው፣ በሌላ ቀን ልመዘን። የተነሳሁት ለቅሶዋን ፈርቼ ይሆን? ሊሆን ይችላል። ለዚያ ይጣለኝ። እሷን ግን እኔ እንዳልፍ ብዬ በአባቷ ወንበር አላስቀምጣትም። አሁን፣ እዚህ ካልን፣ የእሷ አሁን እምቢታዋ ነበር። እምቢታዋን ረግጬ ደንቡን ብይዝ ሥራዬን የምከዳው ያን ጊዜ ነው። ያባሩኝ!

ደብዳቤውን ሙሄዲን ወደ ጅዳ ሲመለስ ያደርስልሻል። ሂሻምን ሰላም በይልኝ። ሉብናን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጥርሷ ወጣላት? አብራችሁ ላለችው ለሀጂራም፣ ያንቺ ሳቅ ናፍቆኛል በያት። አላህ ይጠብቃችሁ።

እህትሽ ናጅዋ
መርሳ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ደብዳቤውን ሳላሽግ ሴትዮዋ ደረሰች። ኪሩቤልም ከኋላዋ መጣ፣ መቅረጫውን ይዞ። እሷን አስገባሁ። እሱን ውጭ ትቼ በሩን ዘጋሁት።