አምስት መስኮት ያለው ቤት

ለውዷ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚጠዘጥዝሽ ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ማሽኑን በእግርሽ መርገጥ ትተሽ ሞተር አስገጥሚበት ብዬ ስንቴ ለመንኩሽ፤ አንቺ ግን እግሬ ካልረገጠው እጄ አይታዘዝም ብለሽ ድርቅ አልሽ። ወንድሜ ያብስራስ ፈተናውን እንዴት አደረገ? እትዬ እታለማሁ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስራዬም ደህና ነው፣ ምግብም እበላለሁ። እንቅልፍም መተኛት ጀምሬያለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ እንቅልፍ ነው።

መቼም በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትያለሽ። እማዬ፣ ያንቺ ስልክ እኮ የሰፈር ሬዲዮ ነው። ገና ሄሎ ስል ድምፁን ለቀቅ ታደርጊዋለሽ፣ እትዬ እታለማሁ ከአጥር ማዶ ሰላምታቸውን ይጀምራሉ፣ ያብስራ ጫማ ላኪልኝ ይላል፣ እኔም ልናገር ያሰብኩትን ውጬ ደህና ነኝ ደህና ነኝ ብዬ እዘጋለሁ። ስለዚህ ይህን ወረቀት ወደ አዳማ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬዋለሁ። ያብስራ ላንብብልሽ ቢልሽ እንዳትሰጪው። መነፅርሽን አድርጊና በርሽን ዘግተሽ ራስሽ አንብቢው።

የሰፋሽልኝ የመስኮት ጨርቆች ደርሰዋል። እጅሽ ይባረክ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መስኮቴን ከፍቼ ተኝቼ አንዲት ቢንቢ አልነካችኝም። የት እንደተሰቀሉ ግን ዛሬ ልንገርሽ። ይህን አንድ ነገር ስጽፈውና ስቀደው ነው የከረምኩት። ማኪኒ ከተማ ካለው ትልቁ ቤት ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ከህዳር ጀምሮ የምኖረው ቫን ውስጥ ነው። መኪና ውስጥ ማለቴ ነው፣ እማዬ።

ያፌት አልመታኝም፣ እንዳትደነግጪ። ሰድቦኝም አያውቅም። ባሌ ሲቀየም ዝም ነው የሚለው። ምን እንዳጠፋሁ አይነግረኝም፣ ምሳ አቀርባለሁ ዝም፣ ደህና አደርክ እላለሁ ዝም። አንዴ አርባ አንድ ቀን ቆጠርኩ። አንቺ በስልክ ለያፌት ሰላም በይልኝ ስትይኝ እሺ እያልኩ፣ እሱ ግን አጠገቤ ተቀምጦ እንደሌለሁ ያልፈኛል። አንድ ቀን ከማብሰያው ጋር ሳወራ ራሴን ያዝኩትና ፈራሁ። በማግስቱ በአንድ ሻንጣ ወጣሁ።

ፋርመርስ ብራንች በሚባል ከተማ፣ ዌርሃውስ በሚሉት የዕቃ መጋዘን አብራኝ የምትሰራ ታደለች የምትባል ልጅ አለች። ካሮልተን ከተማ ባለው ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንቷ ውስጥ አምስት ሆነው እየኖሩ እኔን ስድስተኛ አድርጋ ሁለት ሳምንት አስተኛችኝ። ከዚያ ጥዑመልሳን የሚባል መካኒክ ድሮ ሰው ያመላልስ የነበረ ቫን ሸጠልኝና እዚያው ጋራዡ ጓሮ ፓርክ አድርጊ አለኝ። አጥር አለው፣ ውሃ አለው፣ መታጠቢያም አለው። ጥዑመልሳን ወሬ አያበዛም፤ ጠዋት ሲከፍት በጣቱ ቫኑን ኳ ኳ አድርጎ ሻዩን አስቀምጦልኝ ይሄዳል። ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ የሰራልኝም እሱ ነው።

ብርዱን ቻልኩት፤ ብርድ ልብስ መደራረብ ነው። ጉዱ የመጣው ሙቀቱ ሲገባ ነው። መስኮት ዘግቼ ብተኛ እንደ ድንች ተቀቀልኩ። ብከፍት የቴክሳስ ቢንቢ ሁሉ ስሜን እየጠራ ገባ። ከሱቅ መረብ ገዝቼ በፕላስተር ለጠፍኩት፤ ፕላስተሩ በሙቀቱ ቀልጦ ሌሊቱን ፊቴ ላይ ወደቀ። ፎጣ ብወጥር አየሩ ታፈነ። ታደለች ደግሞ ሎሚ ላይ ቅርንፉድ ሰክተሽ አስቀምጪ አለችኝ፤ ቢንቢዎቹ ሎሚውን ዞረውት መጡ። ከቢንቢው የባሰ ደግሞ አንድ ትንኝ አለ፣ እንደ አቧራ ነው፣ በሱቁ መረብ ቀዳዳ ዝም ብሎ ያልፋል። መብራት ካበራሁ ጥንዚዛው መስታወቱን ይደበድባል። አልጋ ላይ ተቀምጬ በጥፊ ራሴን ስመታ ነው የማድረው።

አንድ ቀን የዐይኔ ቆብ ተነድፎ አብጦ ስራ ገባሁ። ሱፐርቫይዘራችን ወደ ጥግ ወስዶኝ ቤት ውስጥ የሚመታሽ ሰው አለ ወይ አለኝ። ቢንቢ ነው ብዬ ብነግረው አላመነኝም፤ የእርዳታ ስልክ ቁጥር ያለበት ወረቀት በጓንቴ ውስጥ ሸጎጠልኝ። እየሳቅኩ አለቀስኩ። ከሚመታ ሰው ያልሸሸሁት ሴትዮ፣ የትንኝ ቡጢ ይዤ ቁጥር ተሰጠኝ።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ነው አንቺ በስልክ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ ልጄ ቤት የእኔ እጅ የሰፋው መጋረጃ ይሰቀል፣ መስኮትሽ ስንት ነው ያልሽኝ። አምስት አልኩ። ከአፌ ያመለጠው የቫኑ መስኮቶች ቁጥር ነበር። ልኩን በወረቀት ቆርጠሽ ላኪልኝ አልሽ። የማኪኒውን ቤት መስኮት በቃሌ አውቀው ነበር፣ የዚያን ልክ ብልክ ማንም አይነቃብኝም ነበር። ግን ተነድፌ ተነድፌ ልቤ ደክሟል፤ ውሸቱንም መናገር፣ ጨርቁንም ማግኘት አማረኝ። ከዌርሃውስ ዕቃ መጠቅለያ ወረቀት ለምኜ ቫኑን በእርሳስ ዞርኩት። ከዚያ በየወረቀቱ ላይ ሳሎን፣ ማድ ቤት፣ መኝታ አንድ፣ መኝታ ሁለት፣ መታጠቢያ ብዬ ጻፍኩበት። ሳሎን ያልኩት የሹፌሩ በር ነው፣ ማድ ቤቱ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ያለው የፊት በር። መታጠቢያው የኋላው መስታወት ነው።

ወረቀቱ ደርሶሽ ስትደውዪ ይሄ ሳሎን ለምን ወደ ፊት ዘመም አለ አልሽኝ። የአሜሪካ ቤት ዘመናዊ ነው፣ መስኮቱን እንዲህ ነው የሚያደርጉት አልኩሽ። አንቺ እሺ አልሽ። ሌላ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅሽኝ፤ መስኮቱ ያለው ብረት ላይ ነው ወይስ እንጨት ላይ፣ የሚያስቸግርሽስ ዝንብ ነው ወይስ ትንኝ። ብረት ላይ፣ ትንኝ ነው አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለያፌት ሰላም በይልኝ ብለሽኝ አታውቂም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

በሰኔ መጨረሻ ያፌት ደወለ። ሰባት ወር ዝም ያለ ሰው አናገረኝ። ይበቃሻል፣ እሑድ ጠዋት በሁለት ሰዓት ደውዬ መጥቼ እወስድሻለሁ አለኝ። እሺ አልኩት። እማዬ፣ የተሸነፍኩት ለያፌት አይደለም፣ ለቢንቢ ነው። ሰው እንቅልፍ ካጣ የጠላውን ቤትም ይናፍቃል። ቅዳሜ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ፣ ለጥዑመልሳንም ነገርኩት፤ ቫንሽ እዚሁ ይቆይሻል፣ ለማንም አልሸጥብሽም አለኝ።

ያንኑ ቅዳሜ ከሰዓት ታደለች በእኔ አድራሻ ዕቃ መጥቶልሻል ብላ ቤቷ ጠራችኝ። እሷ ዳንቴል ያለው ነጭ መጋረጃ ነበር የጠበቀችው። ጥቅሉን ስንፈታው ጥቁር የተቀባ አጎበር ወጣ። ሁለት ድርብ ነው፤ የአንዱ ቀዳዳ በሌላው ክር ላይ እንዲያርፍ አዛንፈሽ ደርበሽዋል። ያቺ እንደ አቧራ የምታክል ትንኝ እንኳ አትገባም። ሳሎንና ማድ ቤት ብዬ የጻፍኩባቸው እንደ ኮፍያ ናቸው፣ ዙሪያቸውን ላስቲክ አስገብተሽባቸዋል፤ በሩ ከላይ ይለብሳቸውና ሲዘጋ መስታወቱ ውስጥ ለውስጥ ይወርዳል ይወጣል። የቀሩት ሦስቱ ጠርዝ ላይ ደግሞ ከተበላሸ ፍሪጅ በር የወጣ ማግኔት ያለው ጎማ ሰፍተሻል፤ ብረቱ ላይ ሲጠጋ ራሱ ጥብቅ ይላል። እዚህ አገር በመኪና የሚኖሩ ሰዎች ስንት ነገር እየገዙ ሲሞክሩ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። በእያንዳንዱ ጥግ ላይ እኔ የጻፍኩትን ስም በቀይ ክር ጠልፈሽበታል፤ ሳሎን፣ ማድ ቤት፣ መኝታ አንድ፣ መኝታ ሁለት፣ መታጠቢያ። አንዱንም አላረምሽውም።

ከስር ግን ስድስተኛ ነበረ። እኔ ልኩን ያልላክሁት። ታደለች ዘርግታ ይሄ ደግሞ የየትኛው ክፍል ነው አለችኝ። ሰማያዊ ነው፣ ጸሐይ የበላው፣ ቢጫ ዘርፍ ያለው፤ እንደ መስታወቱ ስፋት እንዲሰበሰብ ገመድ አስገብተሽበታል። ጥጉን ገለበጥኩት። በቀይ ክር «ጋቢና» ይላል።

የአባዬ መጋረጃ ነው። የጅቡቲ መስመር ሲነዳ ፊት ለፊት መስታወቱ ላይ የሚጋርደው፣ መኪናው ሲሸጥ ይሄን አልሸጥም ብለሽ ከሳጥንሽ ግርጌ ያስቀመጥሽው። ያኔ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። ሚሌ ላይ ሲያድር ወባ ሦስት ጊዜ ጥሎት መጥቶ፣ የቤታችንን አጎበር በመቀስ ስትቆራርጪው፣ እኔ መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባልሽ። ከዚያ ሹፌሮች ከመናኸሪያ ድረስ መስኮት የምትሰፋው ሴትዮ ቤት የት ነው እያሉ ሲመጡ። እና እኔ ላንቺ፣ እንዲህ ላለችው ሰው፣ የአሜሪካ ሳሎን እንዲህ ዘመም ይላል አልኩሽ። አፈርኩ፣ እማዬ። የታደለች ማድ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ እስኪበቃኝ አለቀስኩ።

አባዬ ሃያ አንድ ዓመት መኪና ውስጥ ተኛ። ቤት የለውም ያለው ሰው አልነበረም።

ማታውን ስድስቱንም ለቫኑ አለበስኩት። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ ተጋደምኩ። ትንኙ ከውጭ ሲያንጎራጉር እሰማዋለሁ፣ ንፋሱ ግን ይገባል። ስነቃ በሀበሻ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ስልኬ ላይ ያፌት አራት ጊዜ ደውሏል። መልሼ ደውዬ አልመጣም አልኩት። ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ ተኝቼ ነው አልኩት። እንደገና ዝም አለ፤ ይህን ጊዜ ግን ዝምታውን እኔ ዘጋሁት። ሻንጣዬን ስፈታ ጥዑመልሳን ሻይ ይዞ መጣና የበሩን መረብ በጣቱ ዳሰሰው። ማን ሰፋው ሲለኝ እናቴ አልኩት። እጃቸውን ሳሚልኝ አለኝ፤ ይኸው እጅሽን ስሜያለሁ።

ባለፈው እሑድ ስትደውዪ እትዬ እታለማሁ ከአጥር ማዶ ያ የልጅቷ ቤት እንዴት ያለ ይሆን ብለው ሲጠይቁሽ ሰማሁ። አንቺ ምንም ሳትቸኩዪ፦

«መስኮቶቿን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ቤቷን አውቀዋለሁ» አልሻቸው።

ከእንግዲህ ማንም ቢጠይቅሽ እንደፈለግሽ ንገሪያቸው። እኔ አላፍርም። ብትሸፍኚልኝም እወድሻለሁ፣ ብትገልጪውም እወድሻለሁ።

ጥዑመልሳን በዚህ ሳምንት ጣሪያውን ቀዶ የአየር ማስገቢያ ሊሰራልኝ ነው። ልኩን በወረቀት ቆርጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሻለሁ። ስም ጽፌበታለሁ፤ ልክ እንደጻፍኩት አድርገሽ ጥለፊልኝ። «የመኪናው ጣሪያ» ነው የሚለው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ለማሽኑ፣ ዐይንሽን ለመርፌው ቀዳዳ ያቆይልኝ። ያብስራን በሰላም ያሳድግልሽ። የአባዬን ነፍስ ይማርልን።

ልጅሽ