ደንገጎ ላይ የተሞከሩ አራት መኪኖች

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ሱቅ። ጠዋት ሁለት የፍሬን ሸራ፣ አንድ ራዲያተር፣ ማጣሪያዎች። ቀትር ላይ ለሙቀቱ እንደ ድሬ ልማድ ዘጋሁ። ዐሥር ሰዓት ላይ ልከፍት ስመጣ ዲና በሩ ላይ ቆማለች። ያለችኝ አንዲት ልጅ። ከኔ ቤት ከከዚራ እሷ ቤት ሳቢያን በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ግን መቼ ነበር የመጣችው? ለመስቀል። ከዚያ በፊት? ለእናቷ ሙት ዓመት።

ጉዳይ ይዛ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያለ አንድ ፋብሪካ ኃላፊዎቹን ከከዚራ የሚያመላልስ አውቶሞቢል ከነሹፌሩ በኮንትራት ይፈልጋል። ሥራው የካቲት 2 ይጀመራል። እስከ ጥር 20 በስሟ የወጣ ሊብሬ ካላሳየች ለሌላ ሰው ይሰጣል። የስድስት ዓመት ቁጠባዋ አለ፣ የቁጠባ ማኅበሩ ብድር አለ... አንድ መኪና ይገዛል። ሁለተኛ ዕድል የለም።

"አባዬ፣ እዚህ አገር የተገጣጠመው ይሻላል ወይስ ከውጭ የገባው? አንተ ካላየኸው አልገዛም።"

ሠላሳ አንድ ዓመት መለዋወጫ ሸጫለሁ። ይህን ጥያቄ በሳምንት ሦስቴ እጠየቃለሁ። ደስ ያለኝ ዛሬ ነው።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

በእርጋታ ላስበው። ከውጭ የገባው አሮጌ ነው፤ ከዐሥራ አምስት፣ ከሃያ ዓመት አያንስም። ነዳጅ መኪና ማስገባት ከቆመ ወዲህ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። እዚህ የተገጣጠመው አምስት ስድስት ዓመቱ ነው፣ ወንበሩ ገና አዲስ ነው፣ በግማሽ ዋጋ ይገኛል።

ሰዎች "ካንተ ሱቅ በብዛት የሚወጣው የገባው መኪና ዕቃ ነው፣ ስለዚህ የሚበላሸው እሱ ነው" ይሉኛል። ስህተት ነው። ዕቃው የሚወጣው መኪናው መንገድ ላይ ስላለ ነው። የአገር ውስጡን ዕቃ የሚጠይቀኝ የለም። ስለማይበላሽ ነው? አይደለም። አንዴ ከቆመ ባለቤቱ አዲስ አበባ ደውሎ፣ ደውሎ፣ ግቢው ውስጥ ሸራ አልብሶት ይተወዋል። ለኮንትራት ሥራ ደግሞ አንድ ሳምንት መቆም ማለት ኮንትራቱን ማጣት ነው።

ግን ዋጋው ግማሽ ነው... ጥሩ ከተገኘ? ታይቶ ነው።

ኅዳር 7፣ እሑድ

የመጀመሪያው። እዚህ የተገጣጠመ፣ ነጭ። ያመጣው ደላላው ወርሳሜ ነው። እኔ መካኒኩን ዳሂርን ከጋራዡ ይዤው ሄድኩ። ድሬ ላይ መኪና ሜዳ ላይ አይፈተንም። ሰው ሞልተህ፣ ኤሲ ከፍተህ፣ ደንገጎን ትወጣለህ። ያ ዳገት ያላጋለጠው ጉድ የለም።

ዲና ነዳች። ግማሽ ላይ የሙቀቱ መርፌ መነሳት ጀመረ። ኤሲውን ስናጠፋው ተመለሰ።

"ይኸው! ኤሲውን አጥፍታ ትሥራ፣ አለቀ" አለ ወርሳሜ።

"በግንቦት? ድሬ ውስጥ?" ዳሂር ነው። "ሰዎቹን ቀቅላ ልታስረክብ ነው እንዴ አቦ?"

ከዚያ በኋላ ሁለቱ በሶማሊኛ ቀጠሉ። ምን እንደተባባሉ እንጃ፤ ዲና ትንሽ ትሰማለች፣ ሳቀች። የእናቷ ሳቅ ነው... ረስቼው ነበር።

ጫፍ ላይ ሻይ ጠጣን። ከታች ከተማው በሙቀት ይጨሳል፣ እዚያ ነፋስ አለ። የቢሮዋ አለቃ ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ሲተኛ ቢሮው ሁሉ በእግር ጣቱ እንደሚሄድ አወራችኝ። አካሄዳቸውን ተነስታ አሳየችን።

መኪናው አልተገዛም። ትክክል ነው።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ ከሰው ጋር ያወራሁት ዋጋ ብቻ ነው። አሁን ስጽፈው ነው ያወቅኩት።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ያለፈው እሑድ መኪና አልተገኘም፣ ዲናም አልመጣችም። ዛሬ ተገኘ። ከውጭ የገባ፣ ብርማ፣ የተወለወለ። የተጓዘው ሰማንያ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው ይላል። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ግን አልቆ ብረቱ ወጥቷል። ሰማንያ ሺህ? ቁጥሩን መመለስ ቀላል ነው፣ ፔዳሉን የሚያስታውስ የለም። ደንገጎ ላይ ስንደርስ ዳሂር ከኋላ ምንጣፉን ገለጠ። ሻንሲው ተበይዷል። ከባድ አደጋ ነው፣ ከሁለት ተቆርጦ የተገናኘ ሁሉ ሊሆን ይችላል።

ወርሳሜ ተናደደ። "ጋሽ ክፍሉ፣ ወላሂ ሚስትህንም እንዲህ መርምረህ ነው ያገባሃት?"

"መርማሪዋ እሷ ነበረች።"

"እሺ ምን አገኘችብህ?"

"ብዙ። ዋጋ አስቀንሳ ወሰደችኝ።"

ዲና ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሚስቴ ማዘንጊያ ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሁለታችን ባለንበት ስለሷ ሲወራ ይሄ የመጀመሪያው ነው መሰለኝ። በወርሳሜ አፍ! ስንወርድ ዳሂር ነዳ፣ በዝግታ። ዲና ከኋላ አጠገቤ ተቀመጠች።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ሦስተኛው። እዚህ የተገጣጠመ፣ አራት ዓመቱ። ባለቤቱ ፋራህ ይባላል፤ ዋሂል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሱቅ አለው። ኤሲ ተከፍቶ፣ አምስት ሰው ይዞ ደንገጎን ወጣ። መርፌው ንቅንቅ አላለም። በሩ ሲዘጋ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ግን የሚሄደው በበሩ አይደለም። ዳሂር "ደህና ነው" አለ። ዳሂር ደህና ካለ በጣም ደህና ነው።

"እሺ አባዬ?"

መለዋወጫውን አነሳሁ። ካምቢዮው ቢሄድ ዕቃው ከየት ይመጣል? የገጣጠመው ድርጅት ነገ ቢዘጋስ? ልትሸጠው ብትፈልግ ማን ይገዛታል?

ፋራህ፦ "የአንድ ዓመት ዋስትና ይቀረዋል፣ ወረቀቱ ይኸው።"

"ሲቆም ወረቀቱ ነው የሚጎትተው?"

ሁሉም ሳቀ። ዲናም ሳቀች፣ ቁልፉንም መለሰች።

ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ግን ቶሎ ቶሎ የሚያልቀውን ዕቃ እኔ ራሴ አስመጥቼ ላስቀምጥላት እችል ነበር። ሁለት ስልክ መደወል ነው። እሱን አላነሳሁም። ለምን አላነሳሁም?

ሻይ ጠጣን። ነፋሱ በርትቶ ነበር፤ ሹራቧን ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

አራተኛው። ከውጭ የገባ፣ ሰማያዊ፣ ገና ከገባ ጀምሮ በአንድ ሰው እጅ የነበረ። ባለቤቱ መምህር ነበር፣ ዐረፈ። ሚስቱ ፋዱማ ቁልፉን ለወርሳሜ ሰጥታ ላከችው። ኪሎ ሜትሩ ብዙ ነው፣ ግን እውነተኛ ነው፤ ዘይት የተቀየረበት ቀን በሙሉ በመምህር ጽሕፈት ደብተር ላይ ሰፍሯል። ደንገጎን እንደ ሜዳ ወጣው። ዳሂር ኮፈኑን ከፍቶ ሁሉንም በጣቱ ነካካው። የሚነቅፈው አላገኘም። ዋጋውም ዲና ካላት ጋር ልክ ነው።

ዲና መሪውን በሁለት እጇ ይዛለች። "አባዬ፣ ይሄ ነው። አለቀ!"

አለቀ።

ጎንበስ ብዬ የሞተሩን ክዳን አየሁ። "ቴስታታው ተከፍቷል" አልኩ። "ሞተሩ አንዴ ፈልቶበት ያውቃል። ስድስት ወር አይቆይልሽም።"

ተከፍቶ አያውቅም። ብሎኖቹ ላይ የመፍቻ ጭረት እንኳ የለም። በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ንጹሕ ሞተር ያየሁት ስንቴ ነው?

ዲና እጇን ከመሪው ላይ አነሳች። "አንተ ካልክ..." አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀችም።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ዳሂር ሱቅ መጣ። ዕቃ አልጠየቀም።

"አቦ ጋሽ ክፍሉ፣ ያ ሞተር ተከፍቶ አያውቅም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

መደርደሪያውን ማስተካከል ጀመርኩ።

"እሑድ ዝም ያልኩት ልጅህ ፊት ላላዋርድህ ብዬ ነው። ግን ቀኑ እየሄደ ነው። የቢሮ ሥራዋንም ለቃለች፣ ታውቃለህ?"

አላውቅም ነበር። ለዳሂር ነግራዋለች።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

የሚታይ መኪና የለም። ስለዚህ ዲና የለችም።

ሌላ ሰው ሱቄ መጥቶ ቢጠይቀኝ እንደምመልሰው ለራሴም ልመልስ። መኪና ሲፈለግ ትመጣለች። መኪና ሲገዛ መምጣቷ ያበቃል። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለም። ልጄን ያለ ሥራ ያስቀረሁት ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ነው?

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ

ገና። ደወለች። "እንኳን አደረሰህ አባዬ። መኪና ሰማህ?" "አልሰማሁም።" "እሺ በቃ..." ድምጿ ውስጥ ሳቅ የለም።

ጎረቤቶቼ ዶሮ ወጥ ልከውልኛል። ግማሹን በላሁ።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

ፋዱማ ቤት ሄድኩ። ለምን እንደምሄድ ሳላውቅ ነው የሄድኩት። መኪናው ግቢ ውስጥ አቧራ ለብሶ ቆሟል።

"ሦስት ገዢ መጥቶ ተመለሰ" አለችኝ። "ጋሽ ክፍሉ ቴስታታው ተከፍቷል ብሏል ይሉኛል። ሩቡን ያህል ቀነስኩ፣ አሁንም የሚነካው የለም። ባለቤቴ እኮ ማጣሪያውን ካንተ ነበር የሚገዛው። በሕይወት እያለ ምነው አልነገርከው?"

የዚህች ሴት ባል ስንት ጊዜ ባንኮኒዬ ላይ ተደግፎ ቆሟል? ፊቱን ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

መጀመሪያ ያሰብኩትን እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ ቦታ አልናገረውም። በዚህ ዋጋ ግዛው፣ አልኩ ለራሴ። ለዲና "ቴስታታውን አሠርቼዋለሁ" በላት። ቀኑ አያልፍባትም፣ ገንዘብም ይተርፋታል፣ አንተም አትዋረድም። ጥሩ ንግድ ነው። የሚከስረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ሻይ እየቀዳችልኝ ነበር።

ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ጥር 8፣ ዓርብ

ዲናን ፋዱማ ቤት ጠራኋት። ወርሳሜንም ጠራሁ፤ ወሬውን ከተማው ውስጥ የበተነው እሱ ነው፣ የሚሰበስበውም እሱ ይሁን።

"ቴስታታው አልተከፈተም" አልኩ። "ዋሽቼ ነው። መኪናው እንከን የለውም።"

ፋዱማ ትክ ብላ አየችኝ። "ለአላህ ሰጥቼሃለሁ" አለች፣ በዝግታ። ዲና አላየችኝም። ቦርሳዋን ከፈተችና "የመጀመሪያው ዋጋ ስንት ነበር?" ብላ ፋዱማን ጠየቀች። እሱኑ ተዋዋለች፣ ምንም ሳታስቀንስ።

መንገድ ላይ፣ ዲና፦

"ከስንተኛው መኪና ጀምረህ ነው የዋሸኸኝ?"

"ሦስተኛው ላይ ግማሽ። አራተኛው ላይ ሙሉ።"

"ለምን?"

"እሑድ እሑድ እንድትመጪ።"

ቆመች። "ነይ ብትለኝ እኮ..."

"ብልሽ ትመጪ ነበር?"

"አዎ" ብትለኝ ቀላል ነበር፣ እኔም አምናት ነበር። አላለችም። ባጃጅ አስቁማ ሄደች።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ሊብሬው በስሟ ወጣ። የነገረኝ ወርሳሜ ነው።

ጥር 25፣ ሰኞ

አንድ ደንበኛ ስለ አንድ መኪና ሊያማክረኝ መጣ። የነገርኩትን ሰምቶ "እውነትህን ነው?" አለኝ። በፊት እንዲህ ተብዬ አላውቅም። ወርሳሜ ወሬውን ሰብስቦታል ማለት ነው... በደንብ አድርጎ።

የካቲት 2፣ ሰኞ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር ቆሜ ሳለ ሰማያዊው መኪና አለፈ። ሦስት ሰዎች ተሳፍረዋል። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ኤሲው ይሠራል ማለት ነው። ዲና ፊት ለፊቷን ነው የምታየው። እንደ ሹፌር።

የካቲት 8፣ እሑድ

ቤት። ማንም አልመጣም። ለምንስ ይመጣል?

የካቲት 15፣ እሑድ

ሳቢያን ሄድኩ። ባጃጁ ውስጥ ምን ብዬ እንደምገባ አሰብኩ። የመጀመሪያው ዘይት መቀየሪያ ደርሷል... ፍሬኑን ልይልሽ... ሁለቱም ያስኬዳል። በሩ ጋ ስደርስ ሁለቱንም ተውኳቸው።

ከፈተች። ፀጉሯን ታጥባ ፎጣ ጠምጥማለች።

"ምን ሆነ? መኪናው ምን አለው አሉህ?"

"ምንም። መኪናውን ብዬ አይደለም።"

"ታዲያ?"

"አንቺን ልይ ብዬ።"

በሩን ይዛ ቆመች። "ግማሽ ሰዓት ነው ያለኝ" አለች በመጨረሻ። "አውሮፕላን ማረፊያ የማደርሰው ሰው አለ።"

"ይበቃኛል።"

ገባሁ። ቤቷን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ኖራበታለች። አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ ትንሽ ጠረጴዛ። ግድግዳው ላይ የማዘንጊያ ፎቶ አለ። የማላውቀው ፎቶ ነው፤ የሆነ ወንዝ ዳር፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በጣም እየሳቀች።

ውሃ ሰጠችኝ። ስለ መኪና ስላላወራን ብዙም አላወራን። ውጭ ልጆች ይጫወታሉ። እሷ ፀጉሯን አደረቀች፣ እኔ ውሃዬን ጠጣሁ። ጨረስኩት። ቁልፉን አነሳች።

"ይሄ ፎቶ መቼ ነው?" አልኳት።

"አንተ ሱቅ ስትውል።"

ለማስከፋት አይደለም የተናገረችው። እንደዚያው ስለሆነ ነው።

"ንገሪኝ እስቲ" አልኳት።

ሰዓቷን አየች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለሆነ ሰው "ዐሥር ደቂቃ እዘገያለሁ፣ ይቅርታ" አለች፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ፊት ለፊቴም ተቀመጠች።