የላህ ባንድ መሪ የአቶ ክንዱ ይሄይስ ሕይወትና ሦስተኛው ሸክላ

አቶ ክንዱ ይሄይስ፣ በክርስትና ስማቸው ወልደ ሥላሴ፣ ከአባታቸው ከመሪጌታ ይሄይስ ዘሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ክንፈሚካኤል በየካቲት ወር 1925 ዓ.ም. ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቀው በጉንድ ጊዮርጊስ አጥቢያ ተወለዱ። ዛሬ የምንቀብራቸውም እዚሁ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ቀጥሎም ግሽ ዓባይ ተልከው ጾመ ድጓ ተማሩ። ድምፃቸው ያማረ፣ ጆሯቸው የሰላ ነበር፤ አንድ ጊዜ የሰሙት ዜማ አይጠፋቸውም። አባታቸው አጥብቀው ያስተማሯቸው ነገር ቢኖር ዜማ ሁሉ ወራት እንዳለው፣ የፋሲካው በሕማማት እንደማይነሣ ነው። እርሳቸው ግን በ1943 ዓ.ም. ድጓውን ትተው፣ መሰንቆ ይዘው ፍኖተ ሰላም ገቡ። አገሩ ሁሉ ደብተራ ይሆናል ሲሉት አዝማሪ ሆነ ብሎ ሳቀ። መሪጌታ ይሄይስ አልሳቁም፤ እስኪሞቱም ድረስ ልጃቸው ሲጫወቱ አልሰሙም።

በ1952 ዓ.ም. ከወይዘሮ አደይ ወልደ ዮሐንስ ጋር በሕግ ተጋብተው በ1955 ዓ.ም. ልጃቸውን ንግሥቴን አገኙ።

በ1956 ዓ.ም. የላህ ባንድን አቋቋሙ፤ ስሙን ያወጡለት በፍኖተ ሰላም አጠገብ ከሚፈሰው ከላህ ወንዝ ነው። ባንዱ የጦር ሠራዊትም የፖሊስም አልነበረም፤ ደመወዝ የሚቆርጥለት፣ ልብስ የሚያሰፋለት አለቃ አልነበረውም። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እርሳቸው በመሰንቆ፣ ልብስ ሰፊው እንዳለው በድምፅ፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛው አድማሴ በከበሮ። በ1957 ዓ.ም. ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሸክላ አስቀረጹ። የሠርግ ዘፈን ነበር፤ ከቡሬ እስከ ደምበጫ ያልጨፈረበት ሰው የለም። በሁለተኛው ሸክላ አቶ ክንዱ መሰንቆውን በአኮርዲዮን፣ አድማሴም ከበሮውን በድራም ለወጡ። ሽማግሌዎች ሣጥን ማራገብ ጀመሩ ብለው አሾፉባቸው፤ ወጣቱ ግን ወደዳቸው።

የአባታቸው እኅት እትዬ እጅጉ ዘሩ በአገሩ የታወቁ አልቃሽ ናቸው። የበኩር ልጃቸውን ሲቀብሩ የወጣላቸው አንድ ዜማ አላቸው፤ በወጣት አስከሬን ላይ ካልሆነ በቀር አያነሡትም፤ ቤት ውስጥም አያንጎራጉሩትም። አቶ ክንዱ አንድ ለቅሶ ላይ ሰሙትና ያ ጆሯቸው ይዞት ቀረ። በነሐሴ 1959 ዓ.ም. የፍቅር ግጥም አልብሰው፣ በአኮርዲዮን አለስልሰው በሦስተኛው ሸክላ አስቀረጹት። እውነቱን እንናገርና፣ ከሠሩት ሁሉ የሚያምረው እርሱ ነው። እትዬ እጅጉ ወሬውን ሰምተው ከገጠር በእግራቸው መጡ፤ ግቡ ቢባሉ እምቢ ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

«ከቀብር ስንመለስ እጃችንን የምንታጠበው ለምን ይመስልሃል፣ ልጄ? አንተ ሳትታጠብ ቤት ገባህ» አሏቸው። ያን ዜማ ዳግመኛ ላያነሡትም ምለው ተመለሱ።

በጥቅምት 1960 ዓ.ም. እንዳለው ከቆላው ከብር ሸለቆ በተመለሰ በሳምንቱ ወባ ገደለችው። ሸክላው በአውቶቡስ ተጭኖ ፍኖተ ሰላም የደረሰው አርባው ሳይወጣ ነው። አንድ ጠጅ ቤት ሲያጫውተው የእንዳለው ሚስት በመንገድ ስታልፍ የባሏን ድምፅ ሰማች። ገብታ ማጫወቻው ፊት ተቀመጠችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዘፈኑን እየተቀበለች አለቀሰች። ጠጪዎቹ አንድ በአንድ ብርሌያቸውን አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያን ሸክላ ፍኖተ ሰላም ላይ ደፍሮ ያጫወተ የለም።

በዚያው ዓመት በግንቦት፣ በእርሻ ግብሩ በተነሣው ሁከት ጊዜ፣ አድማሴ ከወፍጮ ቤት ወደ ቤቱ ሲሄድ ከየት እንደመጣ ባልታወቀ ጥይት ወደቀ። ይህን ታሪክ የሚጽፈው የአጎታቸው ልጅ፣ ወባ ዜማ ሰምታ እንደማትመጣ፣ ጥይትም አኮርዲዮን እንደማያውቅ ለሰው ሁሉ ሲናገር ነበር፤ አሁንም ይናገራል። አገሩ ግን ከሦስቱ ሁለቱ ሄዱ እያለ መቁጠር ጀመረ። ለሠርግ የሚጠራቸው ጠፋ። በመንገድ ሲያልፉ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጓሮ ይሰበስቡ ነበር። አቶ ክንዱ አኮርዲዮናቸውን ዘጉ፤ በእጃቸው የቀሩትን ሸክላዎችም ሰባበሩ። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር የደረሱትን ግን ማን ይመልሳቸው?

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ሳል ያዛቸው። ደብረ ማርቆስ ሄደው ቢታከሙም ሳንባቸው ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ለራሳቸው አልፈሩም፤ ተራዬ ነው ይሉ ነበር። ሚያዝያ ላይ ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ ንግሥቴ ጭቃ እያቦካች ያን ዜማ ስታንጎራጉር ሰሟት። ፍርሃት የያዛቸው ያን ጊዜ ነው። በቤቱ ያስተማራት የለም፤ ሸክላውም የለም። የአባቷን ጆሮ ወርሳለች፤ ከየት እንደሰማችው ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ወይዘሮ አደይ ተቆጧት፣ ለመኗት፣ ማር ሰጧት። ለጊዜው ትተወውና ሳታስበው ደግሞ ትጀምረዋለች።

ከዚህ በኋላ አቶ ክንዱ እትዬ እጅጉን አስጠሩና ከመደቡ ላይ ሆነው፣ «እትዬ፣ በእኔ ላይ ያንሡትና አብሮኝ ይቀበር። ከእኔ ወዲያ ማንንም አይፈልግ» ብለው ለመኗቸው። እትዬ እጅጉ መሐላ አለብኝ ብለው አለቀሱ። በኋላ ግን ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው እሺ አሉ።

አቶ ክንዱ ይሄይስ ግንቦት 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ጎህ ሲቀድ በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። ለእንግዳ ሁሉ የቅጽል ስም የሚያወጡ፣ ተጫውተው የማይጠግቡ፣ ተቆጥተው የማይሰነብቱ ሰው ነበሩ። እንወዳቸው ነበር፤ በመጨረሻው ዓመት ግን ብዙዎቻችን ሰላምታችንን ከሩቅ አድርገን ነበር።

የተለዩአቸው እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አደይና የስድስት ዓመቷ ልጃቸው ንግሥቴ ናቸው። እትዬ እጅጉ ከአስከሬኑ ራስጌ ቆመዋል፤ ይህ ንባብ ሲያበቃ ዜማውን ያነሡታል። እስኪፈጽሙ ሰው ሁሉ ጸጥ ይበል፤ ማንም አይቀበላቸው። የሟች ቃል ነው። ንግሥቴ በአባቷ ትእዛዝ ወደ ቀብሩ አልመጣችም፤ ፍኖተ ሰላም ጎረቤት ዘንድ ቀርታለች። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ በበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ታንጎራጉርም ነበር።

ጌታ ሆይ፣ ወልደ ሥላሴን ደጅህን ከፍተህ ተቀበልልን፤ እንዳለውንና አድማሴንም አብረህ አስብልን። የሄዱትን ማርልን፤ የቀረችውን ተውልን። አሜን።